የሳተርንን ቀለበት ስናይ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የሳተርንን ቀለበት ከቅርብ የተነሳ ፎቶ አይታችኋል? እንደ ነጠላ ጥለት ስስ ስስ መስመሮች ተደርድረውበታል። እነዚያ መስመሮች ከየት መጡ ሲባል ነው ብዙዎቻችን የምንስተው።

የመጀመሪያው ስህተት ቀለበቱን እንደ ሰሃን አንድ ወጥ አድርጎ ማሰብ ነው። ጠጣር ቀለበት እንደማይጸና የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል በሒሳብ ያሳየው ገና በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። ቀለበቱ ስፍር ቁጥር የሌለው የበረዶ ቁራጭ ነው። እያንዳንዱ በራሱ መንገድ ይዞራል፤ ለሳተርን የቀረበው ይፈጥናል፣ የራቀው ይዘገያል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ትፈለጋለች።

ክፍተት ባየን ቁጥር መሃሉ ላይ ጨረቃ አለች ማለትም አያስኬድም። ትልቁ የካሲኒ ክፍተት ወደ 4,800 ኪሎ ሜትር ይሰፋል። የውስጥ ጠርዙን የምትጠብቀው የሳተርን ጨረቃ ሚማስ ግን ከዋናዎቹ ቀለበቶች ውጭ፣ ሩቅ ናት። ጠርዙ ላይ ያለው በረዶ ሁለቴ ሲዞር እሷ አንዴ ትዞራለች። ስለዚህ ጊዜውን ጠብቃ ደጋግማ ትስበዋለች። ዥዋዥዌ የገፋ ሰው ያውቀዋል፤ ግፊቱ ትንሽ ቢሆንም በሰዓቱ ከሆነ ልጁ ከፍ እያለ ይሄዳል።

ከሁሉም የባሰ የሚያሳስተው ስበት የሚለው ቃል ራሱ ነው። ጨረቃ በረዶውን ወደ ራሷ የምትሰበስብ ይመስለናል። እዚህ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ታርቀዋለች። ዳፍኒስ የምትባለውን ትንሽ የሳተርን ጨረቃ እንውሰድ። ወርዷ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የምትዞረውም 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሰፋው የኪለር ክፍተት ውስጥ ነው። ከውስጥ በኩል ያለው በረዶ ፈጣን ነውና ደርሶባት ያልፋል። ሲያልፍ ስበቷ የዙረቱን ጉልበት ይቀንስበታል፤ እርስ በርሱ ከተጋጨ በኋላ ወደ ውስጥ ይሸሻል። በውጭ በኩል ያለውን ደግሞ እሷ ደርሳበት ታልፋለች። ጉልበት ትጨምርለትና ወደ ውጭ ይርቃል። ክፍተቱ ሳይዘጋ የሚቆየው በዚህ ነው።

ይህ ጠርዙ ላይ በዓይን ይታያል። ስበቷ ጠርዙን እንደ ሞገድ ያጥፈዋል፤ በውስጠኛው ጠርዝ ሞገዱ ከዳፍኒስ ፊት ፊት ይሄዳል፣ በውጨኛው ከኋላዋ ይከተላል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) ፀሐይ ቀለበቱን በጎን ስታበራው የእነዚያ ሞገዶች ጥላ በረዶው ላይ ተጋደመ፤ ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩርም ፎቶ አነሳችው። ስለ ቀለበት ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የማሳየው ያንን ፎቶ ነው።

ጥቁር የታየውን ሁሉ ባዶ አትበሉ። ፀሐይ ከማዶ ስታበራ በተነሳ ፎቶ ቢ የሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ቀለበት ይጨልማል፣ ስስ በረዶ ያለበት የካሲኒ ክፍተት ይበራል።

ሞገዱን ሁሉ ለጨረቃዎች መስጠትም ልክ አይደለም። ሳተርን ራሱ ውስጡ ይርገበገባል፤ ስበቱም አብሮ ይዋዥቃል። ሲ በሚባለው ቀለበት ላይ ካሉት ጠመዝማዛ ሞገዶች አንዳንዶቹ የመጡት ከዚያ ነው። የሳተርን አንድ ቀን 10 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ገደማ እንደሚፈጅ የተሰላውም ከእነዚሁ ሞገዶች ነው።