ለኮምቦልቻና ለደሴ ውሾች የልብ ትል መከላከያ አመራረጥ

የልብ ትል መከላከያ የሚባለው መድኃኒት ቢምቢ እንዳትነክስ አያደርግም። የሚገድለው ነክሳ ያስገባችውን የልብ ትል እጭ ነው፤ ያውም ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የገባውን። የዛሬዋ ክኒን የምትሠራው ወደ ኋላ ነው። እጩ ሁለት ወር ገደማ ካለፈው ወርኃዊው መጠን አይበግረውም፤ በስድስትና በሰባት ወሩ ልብና የሳንባ ደም ሥር ውስጥ የሚራባ ትል ይሆናል፣ ሴቷም እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ትረዝማለች።

እጩ ቢምቢዋ ውስጥ የሚያድገው ሙቀት ሲያገኝ ነው። 27 ዲግሪ ላይ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል፣ ከ14 ዲግሪ በታች ግን ይቆማል። ስለዚህ ሞቃቱ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር የሚያድር ውሻና ብርዳሙ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የሚያድር ውሻ እኩል አይታዩም። ኮምቦልቻ ላይ አሥራ ሁለቱንም ወር መስጠት ነው የሚያዋጣው። ደሴ ላይ ወራቱን ከእንስሳት ሐኪም ጋር መወሰን ይቻላል፤ ቢምቢ ከታየች በ30 ቀን ውስጥ ይጀመራል፣ ከጠፋች በኋላም አንድ ጊዜ ይጨመራል። የደሴው ውሻ ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ ወይም ከሚሴ የሚወርድ ከሆነ እንደ ቆላ ውሻ ይቆጠር። (ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይቅደም።)

ቡችላ እስከ ስምንት ሳምንቱ ያለ ምርመራ ይጀምራል። ሰባት ወር ያለፈው ውሻ መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። አንድ ጠብታ ደም በማይክሮስኮፕ ሲታይ ትሉ የወለዳቸው የሚርመሰመሱ ጥቃቅን እጮች ሊገኙ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጉዳት የሌለው የሌላ ትል እጭም ይመስላቸዋልና የአንቲጅን ምርመራ (ካደገው ትል ደም ውስጥ የሚገባውን ንጥረ ነገር የሚፈልገው) ይጨመርበት። ደሙ በእጭ የተሞላ ውሻ፣ በተለይ ሚልቤማይሲን ሲሰጠው፣ እጮቹ በአንዴ ሲሞቱ ራሱን ሊስት ይችላል።

ሲገዙ የሚነበበው ከማሸጊያው ሥዕል ይልቅ የመድኃኒቱ ስም ነው። የልብ ትልን የሚከላከሉት አይቨርሜክቲን፣ ሚልቤማይሲን፣ ሞክሲዴክቲንና ሴላሜክቲን ናቸው። አልቤንዳዞልና ፕራዚኳንቴል ለሌላ ትል ነው የሚያገለግሉት። ከውጭ የሚመጡትም ያሳስታሉ፦ ኔክስጋርድ ብቻውን ለቁንጫና ለመዥገር ነው፣ ኔክስጋርድ ስፔክትራ ግን ሚልቤማይሲን አለው። ቆዳ ላይ የሚንጠባጠበው መድኃኒት፣ ክኒን ለሚተፋ ውሻ ጥሩ ነው፤ በክረምት ዝናብ ደጅ ለሚያድር ውሻ ግን የሚዋጠው ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ የበግና የከብት አይቨርሜክቲን መርፌ። ርካሽ ነው፣ በየእንስሳት መድኃኒት ቤቱም አለ። ሒሳቡን እንየው። 1 በመቶ የሆነው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 10,000 ማይክሮ ግራም ይዟል። ለልብ ትል መከላከያ በወር የሚያስፈልገው በኪሎ 6 ማይክሮ ግራም ነው፤ 20 ኪሎ ውሻ 120 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም 0.012 ሚሊ ሊትር። ትንሿ የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ አንዷ መስመር 0.01 ናት። በተራው ስሪንጅ መርፌው አንገት ላይ የሚቀረው ጠብታ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። በበግ መጠን፣ በኪሎ 200፣ ከተሰጠ ደግሞ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው። ኮሊ (የውጭ የበግ ጠባቂ ውሻ) ወይም የኮሊ ዝርያ ደም ያለበት ውሻ ይህን አይችልም፦ ብሌኑ ይሰፋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ይንገዳገዳል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ማርከሻም የለውም። በውሃ ማቅጠንም አያዋጣም፤ ፈሳሹ የተሠራው በውሃ ስላልሆነ በእኩል አይቀላቀልም።

ለውሻ ተብሎ የተሠራው በክብደት ተከፋፍሎ ይመጣል፤ ለምሳሌ አይቨርሜክቲን ያለበት ሃርትጋርድ እስከ 11 ኪሎ 68፣ ከ12 እስከ 22 ኪሎ 136፣ ከ23 እስከ 45 ኪሎ 272 ማይክሮ ግራም። በግምት አይሂዱ። ሚዛን ላይ መጀመሪያ ብቻዎን፣ ቀጥሎ ውሻውን አቅፈው ይቁሙና ይቀንሱ፤ የማይታቀፈውን የእህል ነጋዴ ሚዛን ይመዝነዋል። ትልቁን ገዝቶ ለሁለት ውሻ መክፈል አይሆንም፣ መድኃኒቱ ግማሹ ላይ እኩል ላይገኝ ይችላል። ክኒኑ ሲዋጥ አጠገቡ ቆመው ይዩ፤ ጉንጩ ሥር ደብቆ አጥር ጥግ የሚተፋው ብዙ ነው።

ቀኑን ለማስታወስ የኛ አቆጣጠር ይመቻል፤ ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው። ሚካኤልን የያዘ በየ12ቱ ይስጥ። በጨረቃ የሚቆጥርም 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆንለት አይቸገርም። የምታስቸግረው ጳጉሜ ናት፦ ነሐሴ 12 የሰጠ እስከ መስከረም 12 ቢጠብቅ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። ውሻውን ለአደጋ ባይጥለውም በመስከረም 7፣ ጳጉሜ 6 ቀን ስትሆን ደግሞ በመስከረም 6 ቢሰጥ 30ውን ይጠብቃል። ቀኑ ከሁለት ወር በላይ ካለፈ ወዲያው ይስጡ፣ ወርኃዊውን ይቀጥሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደሙን ያስመርምሩ፤ ከዚያ በፊት የአንቲጅን ምርመራ ትሉ እያለም የለም ሊል ይችላል።