ጎማ ተውሳችሁ ለቦሎ አትግቡ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ ቪትዝ መኪናውን ይዞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጋራዤ መጣ። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት የቦሎ ምርመራ እገባለሁ፤ እስቲ አንዴ ይዩልኝ» አለኝ። ኮፈኑን ሳልከፍት ጎማው ላይ ጎንበስ አልኩ። የፊት ግራው በውስጥ በኩል ተበልቶ ሽቦው ወጥቷል። ስነግረው አልደነገጠም። «እሱንማ አውቃለሁ። ለነገ ጓደኛዬ የራሱን ጎማ ያውሰኛል።»

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ስለ እሱ ረዘም አድርጌ ልናገር።

በተውሶ ጎማ ስትገቡ መርማሪው የሚያየው የሌላ ሰው ጎማ ነው። ቦሎው የሚለጠፈው ግን እናንተ መስታወት ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ጎሚስታ ጋ ሄዳችሁ ያንኑ የላጠ ጎማ ታስመልሳላችሁ። በማግስቱ ልጆቻችሁን ጭናችሁ በዝናብ ትወጣላችሁ። ጎማ ላይ ያለው ቦይ ለጌጥ አይደለም፤ ውሃውን ወደ ጎን የሚያስወጣው እሱ ነው። ቦዩ ሲያልቅ ጎማው ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያኔ መሪ ብታዞሩም ፍሬን ብትረግጡም መኪናው አይሰማችሁም። በብዙ አገር የቦዩ ጥልቀት ከ1.6 ሚሊ ሜትር ካነሰ ጎማው ከመንገድ ይወጣል። ለእኛ ክረምት ግን እኔ 3 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ቀይሩት እላለሁ።

ይህን የምናገረው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት ጋራዡ ጥግ አራት ደህና ጎማ ነበረኝ፤ ለቦሎ የማውሳቸው። ደንበኛ መርዳት ይመስለኝ ነበር። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በእነሱ አለፈ። የራሱን አሮጌ ጎማ መልሼ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ወደ አዳማ ሲወርድ የፊት ጎማው ፈነዳና መኪናው ከመንገድ ወጣ። ሰው አልሞተም። ረዳቱ ግን እጁ ተሰብሮ ለወራት ሥራ ፈታ። ሆስፒታል ልጠይቀው ሄጄ የምለው ጠፋኝ፤ የያዝኩትን ብርቱካን አልጋው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎማ አውሼ አላውቅም።

ያገለገለ ጎማ ስትገዙ ደግሞ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። 2321 ካለ በፈረንጆቹ 2021 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ቦዩ ጥልቅ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀና የተሰነጣጠቀ ጎማ እንዳያታልላችሁ።

ፍሬን ላይ «ስረግጠው ይይዛል» ማለት አይበቃም። ምርመራው ላይ መኪናው የሚወጣበት ሮለር የግራና የቀኙን ጉልበት ለየብቻ ይለካል። አንዱ ጠንክሮ ሌላው ከላላ ትወድቃላችሁ። መንገድ ላይም ድንገት ስትረግጡ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታችኋል። ብዙ ሰው የፍሬን ሸራ ቀይሮ በዚያው ቀን ይገባል። አዲስ ሸራ እስኪላመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሁለት ሦስት ቀን ንዱበት። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ቁልቁል የወረደ ሹፌር ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ፔዳሉ ድንገት እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይሩት።

የእጅ ፍሬንም ይለካል። አውቶማቲክ የምትነዱ ሰዎች «ፒ» ላይ ብቻ ስለምታቆሙ ገመዱ ዝጎ ይመጣል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁም አትዘናጉ። ጭስ የላችሁም፤ ፍሬን ግን አላችሁ። እግራችሁን ከፔዳሉ ስታነሱ ሞተሩ ራሱ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ዲስኩ ብዙ ጊዜ ሥራ ይፈታል። ሥራ የፈታ ዲስክ ደግሞ ይዝጋል። ከመግባታችሁ በፊት ባሉት ቀናት ባዶ መንገድ ላይ ጠንከር አድርጋችሁ ደጋግማችሁ ርገጡት።

አሁን ወደ ጭስ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። የናፍታ ሞተር አየር ካነሰው ጥቁር ጭስ ይተፋል። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው ተደፍኖ፣ የናፍታ ፖምፓው «ጉልበት ይጨምር» ተብሎ ከፍ ከተደረገ ጭሱ አይጣል ነው። ናፍታ የሚረጨው ኢንጄክተር ላይ ብዙ ብር ከማፍሰሳችሁ በፊት ርካሹን ፊልትሮ ቀይሩ። ሰማያዊ ጭስ ግን ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው ማለት ነው፤ እሱ በአንድ ሌሊት አይጠገንም። ለማንኛውም ሞተሩን በደንብ አሙቃችሁ ግቡ።

በምርመራው ዕለት ጠዋት ላቫጆ ገብታችሁ ሞተሩን በግፊት ውሃ አታሳጥቡ። ውሃ የኤሌክትሪክ ሶኬቱ ውስጥ ገብቶ ሰልፍ ላይ የጠፋ መኪና በገዛ እጄ ገፍቻለሁ። ከሁለት ቀን በፊት አሳጥቡ፤ በዚያው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ያለበትን ቦታ አስጠርጉ። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፤ በቅባትና በጭቃ ተሸፍኖ ካልተነበበ ቀናችሁ ባከነ። ሞተር ከቀየራችሁ ወይም ቀለሙን ከለወጣችሁ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ።

የስቶፕ መብራት ሲቃጠል ሹፌሩ አያየውም። ሰው ከኋላ አቁማችሁ ፍሬን ርገጡ። ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ቀበቶ፤ ሁሉንም ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የእሳት ማጥፊያው ጊዜ እንዳላለፈበት፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም ጊዜው እንዳላለቀ እዩ። መድኑ በአዋጅ 799/2005 ግዴታ ነው።

በር ላይ «ሳትመረመር አሳልፍሃለሁ» ለሚል ደላላ አትቁሙ። ብልሽቱ ሳይታይ አብሯችሁ ወደ ቤት ይመለሳል።

የቪትዙን ልጅ «ነገ አትገባም» አልኩት። ተቆጣ። ከዚያ ክሪክ አስገብቼ የመኪናውን የፊት ጎማ በእጁ አስነቀነቅኩት፤ መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው ቴስቲና ላልቶ ቋ ቋ ይላል። ጎማውን ከውስጥ የበላው እሱ ነው። አዲስ ጎማ ብቻ ቢያስገባ እሱም በጥቂት ወራት ይበላ ነበር። ቴስቲናውን ቀየርን። ሁለት ጎማ ገዛ፤ አዲሶቹን ከኋላ አደረግናቸው፣ ደህና የነበሩትን የኋላዎቹን ወደ ፊት አመጣን። ኋላው ሲንሸራተት መኪና ለመመለስ ይከብዳልና። የጎማ አላይመንት አሠርቶ በአራተኛው ቀን ገባ፤ አለፈ።

አሮጌውን ጎማ ትቶልኝ ሄዷል። ሽቦው የወጣበትን ጎን ወደ ውጭ አዙሬ በሩ አጠገብ አቁሜዋለሁ። «ጓደኛዬ ያውሰኛል» የሚል ሲመጣ እጁን ይዤ ሽቦውን አስነካዋለሁ።