ኖኪያ 770ን ከመጣላችሁ በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

መሳቢያ ውስጥ ዓመታት የከረመች ኖኪያ 770 እጃችሁ ከገባች አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ሶፍትዌሯን እንደገና ለመጫን አትቸኩሉ። ብዙ ሰው አልበራ ስትለው ወይም ስታክ ስታደርግበት በቀጥታ ወደ ፍላሽ፣ ማለትም ሲስተሙን ከኮምፒውተር እንደገና ወደ መጫን፣ ይሮጣል። ፍላሽ ደግሞ ውስጧ ያለውን ሁሉ ያጠፋል። እኔ ካየሁት አብዛኛው ችግር ከባትሪ፣ ከቻርጀር ወይም ከሞላ ሚሞሪ አያልፍም።

ለማታውቋት፣ 770 በሜይ 2005 ኒው ዮርክ ላይ ይፋ ሆነች፤ በኖቬምበር ገበያ ገባች። የኢንተርኔት ታብሌት ናት እንጂ ስልክ አይደለችም፤ ሲም ካርድ የላትም። ኢንተርኔት የምታገኘው በዋይፋይ ወይም በብሉቱዝ በኩል ከስልክ ነው። ስክሪኗ 4.1 ኢንች፣ 800 በ480 ፒክስል ነው። አይፎን ገና ባልነበረበት ጊዜ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ፕሮሰሰሯ 252 ሜጋኸርዝ፣ ራሟ 64 ሜጋባይት ነው። የሚያንቀሳቅሳት በዴቢያን ሊኑክስ ላይ የተሠራው ማዬሞ ነው። በ2007 ኤን800 እና ኤን810 ተከተሏት። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ለሦስቱም ይሠራል።

ጭራሽ አትበራም

ቻርጅ የምታደርጉት በምንድን ነው? ዩኤስቢ ከሆነ ምክንያቱን አገኛችሁት። እነዚህ ታብሌቶች በዩኤስቢ ቻርጅ አይደረጉም። የዩኤስቢው ቀዳዳ ለፋይል ማስተላለፊያ ብቻ ነው። ኤን810 ማይክሮ ዩኤስቢ ስላላት የዛሬ ስልክ ቻርጀር ልክክ ብሎ ይገባል፤ ግን ምንም አይሞላም። እኔም መጀመሪያ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሰክቼ አድሬ ጠዋት ባትሪው ሞቷል ብዬ ደምድሜ ነበር። የሚያስፈልገው ቀጭን ፒን ያለው የኖኪያ ቻርጀር ነው፤ ባለ 2 ሚሊሜትሩ። ቤታችሁ ያለው የድሮው ወፍራም ፒን ከሆነ ሲኤ-44 የምትባል ትንሽ ማገናኛ ወደ ቀጭን ትቀይረዋለች።

በትክክለኛው ቻርጀር ጥቂት ሰዓት ቆይታም ዝም ካለች ባትሪውን አውጡና እዩት። ጠረጴዛ ላይ አስተኝታችሁ ስትነኩት የሚሽከረከር ከሆነ አብጧል። ያበጠ ባትሪ ቻርጅ አይደረግም፤ አትሞክሩት። ካላበጠ በቴስተር ለኩት። ትክክለኛው ቮልቴጅ 3.7 አካባቢ ነው። ከ3 በታች ከወረደ ብዙ ተስፋ የለውም። ደግነቱ ባትሪው ለእነሱ ብቻ የተሠራ አይደለም። 770 እና ኤን800 የሚወስዱት ቢፒ-5ኤል ነው፤ ኖኪያ ኢ61 ላይ ያለው ራሱ ነው። ኤን810 የምትወስደው ቢፒ-4ኤል ሲሆን ኢ71 እና ኢ63 ይጠቀሙበት ነበር። የድሮ ስልክ ቤት ካለ አውጥታችሁ ሞክሩ።

ትሠራለች፣ ስክሪኗ ግን ጥቁር ነው

ይህ የ770 ብቻ ጉዳይ ነው። የብረት ክዳኗ ማግኔት አለው። ክዳኑ ሲገባ ታብሌቷ ታውቅና ስክሪኑን ታጠፋለች። ሌላ ማግኔት፣ ለምሳሌ የቦርሳ መቆለፊያ፣ አጠገቧ ቢሆንም ልትሳሳት ትችላለች። ክዳኑን አውጡ፣ ከብረትና ከማግኔት አርቋት፣ እንደገና ሞክሩ።

ስትነኩት ሌላ ቦታ ይጫናል

ስክሪኗ እንደ ዛሬው ስልክ የጣትን ኤሌክትሪክ አይደለም የሚያውቀው። ሁለት ስስ ሽፋኖች ሲነካኩ ነው የሚሠራው። ለዚህ ነው እስክሪብቶዋ ከጣት የተሻለች። ቦታው በሙሉ እኩል ከተዛነፈ ከሴቲንግ ገብታችሁ የስክሪን ማስተካከያውን ሥሩ። አንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ግን ጠርዙ ሥር አቧራ ወይም ፍርፋሪ ገብቶ እየተጫነ ነው። ስስ ወረቀት በጠርዙ ሥር ቀስ አድርጋችሁ እየጎተታችሁ አጽዱት። መርፌ አትጠቀሙ፤ ሽፋኑ ይቀደዳል።

አርማው ይመጣል፣ ትጠፋለች፣ እንደገና ትነሳለች

ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ ነው። ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

770 ውስጧ ያለው ፍላሽ ሚሞሪ 128 ሜጋባይት ነው። ግማሹን ያህል ሲስተሙ ይወስደዋል። ፕሮግራም እየጫናችሁ፣ ፎቶ እየጨመራችሁ ስትሄዱ ቶሎ ይሞላል። የፋይል ሲስተሙ ጄኤፍኤፍኤስ2 ይባላል። በአሮጌው ላይ ደርቦ አይጽፍም፤ እንደ ደብተር ወደፊት እየጨመረ ነው የሚሄደው። ፋይል ማጥፋት ራሱ አዲስ መስመር መጻፍ ይፈልጋል። ጥግ ድረስ ከሞላ እንግዲህ ማጥፋትም ያቅታል። ስትነሳ አንዱ ዋና ፕሮግራም የሚጽፍበት ቦታ ያጣና ይወድቃል። ሲስተሙን የሚጠብቅ ዘብ አለ፤ ዋና ፕሮግራም ሲወድቅ ካየ ሪስታርት ያደርጋል። እንደገና ይወድቃል፣ እንደገና ሪስታርት። አዙሪቱ ከዚህ የመጣ ነው።

እንግዲህ የተበላሸ ዕቃ የለም። የጎደለው ቦታ ነው።

መጀመሪያ ሚሞሪ ካርዱን አውጥታችሁ አስነሷት። የተበላሸ ካርድም አንዳንዴ ያንኑ ምልክት ያሳያል። ካልሆነ ኮምፒውተር ያስፈልጋችኋል። ፍላሸር የሚባለው ፕሮግራም ሶፍትዌር መጫን ብቻ አይደለም ሥራው። የገንቢዎች ሁነታን፣ ማለትም ለፕሮግራም ሠሪዎች የተተወውን ድብቅ ሴቲንግ፣ ያበራል፤ የዘቡን ሪስታርት ማድረግም ያስቆማል። ዘቡ ዝም ሲል ብዙ ጊዜ ታብሌቷ እያነከሰችም ቢሆን ትነሳለች። ያኔ የማትፈልጉትን አጥፉ፣ የምትፈልጉትን ወደ ካርድ ገልብጡ። ስትጨርሱ ሁነታውን መልሳችሁ አጥፉት።

ይህም ካልሆነ ፍላሽ የመጨረሻው ነው። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ በዩኤስቢ እንደማይሞላ አትርሱ። ለ770 የ770ን፣ ለኤን800 የኤን800ን ፋይል ብቻ ተጠቀሙ። ኖኪያ ፋይሎቹን የሚያቀርብበት ገጽ ከተዘጋ ቆይቷል፤ ቅጂዎቹን ያቆዩት የማዬሞ ወዳጆች ናቸው። ከየትም ብታወርዱ የፋይሉን የማረጋገጫ ቁጥር አመሳክሩ። ፍላሸሩን ኮምፒውተሩ ላይ አስነሱት፤ መሣሪያ እየጠበቀ ይቆማል። ከዚያ የጠፋችውን ታብሌት በዩኤስቢ ሰክታችሁ አብሯት። እስኪጨርስ ኬብሉን አትንኩ።

ሚሞሪ ካርዱን አላውቅም ትላለች

770 የምትወስደው ግማሽ ቁመት ያለውን ኤምኤምሲ የተባለ የካርድ ዓይነት ነው፤ ያውም በ1.8 ቮልትም የሚሠራውን ባለ ሁለት ቮልቴጅ ዓይነት። በ3 ቮልት ብቻ የሚሠራው መልኩ ያው ነው፣ ግን አታነበውም። ኖኪያ 6630 ወይም ኤን70 የነበረው ሰው ካርዱን ካላጣው እሱ ይሆናል። ካርድ ካገኛችሁ ከሚሞሪ ሴቲንጉ ውስጥ ቨርቹዋል ሚሞሪን አብሩ፤ የካርዱን ከፊል እንደ ተጨማሪ ራም ትጠቀምበታለች። ይህ የመጣው በ2006ቱ ሲስተም ነው። ከ64 ሜጋባይት ራም ጋር ሁለት ገጽ ስትከፍቱ የምትንቀራፈፈው ታብሌት በግልጽ ትሻሻላለች።

ዋይፋይ አታይም ወይም ይቆራረጣል

የምታውቀው 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ራውተራችሁ በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ለእሷ የለም። የዋይፋዩ መቆለፊያ አዲሱ ደብሊውፒኤ3 ብቻ ከሆነም የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ አይገባም፤ ታብሌቷ ከዚያ በፊት የተሠራች ናት። ራውተሩ ላይ የእንግዳ መስመር ክፈቱና በአሮጌው ደብሊውፒኤ አድርጉላት። መቆራረጡ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኃይል ቁጠባ ነው። በኮኔክሽኑ ዝርዝር ሴቲንግ ውስጥ ቁጠባውን አጥፉ። ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ግንኙነቱ ግን ይጸናል።

ተገናኝታለች፣ ገጽ ግን አይከፈትም

ሰዓትና ቀኑን አስተካክሉ። ባትሪ ስታወጡ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ የገጾቹ ሰርተፊኬት ልክ ያልሆነ ይመስላታል። ቀኑ ልክ ሆኖም ካልከፈተ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ብራውዘሯ ኦፔራ 8 ሲሠራ ገጾች ግንኙነታቸውን የሚቆልፉበት ቲኤልኤስ 1.2 አልነበረም፤ ዛሬ አብዛኛው ገጽ ከዚያ በታች አይቀበልም። ይህን ታብሌቷ ላይ አታስተካክሉትም። ቤት ያለ ኮምፒውተር መሃል ገብቶ ገጹን እንዲያቀብላት ማድረግ ይቻላል። በዚያ መንገድ ግን ባንክም ሆነ ኢሜይል አትክፈቱ።

ኤን810 ያለችበትን አታውቅም

ጂፒኤሷ ደካማ ነው፤ ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ሰማይ በሚታይበት ቦታ አስቀምጧትና ሳትንቀሳቀሱ ጠብቁ። የሳተላይቶቹን ሙሉ ዝርዝር ከሰማይ መቀበል ብቻውን 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል።

አማርኛው ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታያል

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማዬሞ ዩኒኮድ ያውቃል፤ የጎደለው የግዕዝ ፎንት ነው። አቢሲኒካን ወይም ሌላ የዩኒኮድ ፎንት ካርድ ላይ ጫኑ። ከዚያ በቤት ማህደሩ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ፎንትስ የሚል ድብቅ ማህደር ፈጥራችሁ እዚያ ገልብጡትና ሪስታርት አድርጓት። መጽሐፍ ለማንበብ ኤፍቢ-ሪደር የሚባለውን ጫኑና ፎንቱን ከሴቲንጉ ምረጡለት። አንድ ሙሉ የአማርኛ መጽሐፍ በጽሑፍ ፋይል ጥቂት ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ስክሪን ላይ ፊደሉ ጥርት ብሎ ይነበባል።