ጽሑፋችሁን ከመለጠፋችሁ በፊት መውጫውን እዩ

ባለፈው ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንድ ወዳጄ ስልኩን አሳየኝ። የሁለት ዓመት አጫጭር ልብወለዶቹ ያሉበት ገጽ አልከፈት ብሎታል። ፓስወርዱ ጠፍቷል፣ የተመዘገበበት ሲም ካርድም የለም። ኮፒ? አንድም አላስቀረም። አንጀቴን በላው።

ስለዚህ ጽሑፍ ማውጣት ለምታስቡ ሁሉ፦ "ብዙ ሰው የት አለ?" ከማለታችሁ በፊት "ጽሑፌን እንዴት ይዤ እወጣለሁ?" በሉ።

ቴሌግራም ቻናል ለኛ አገር አንባቢ ቅርብ ነው። ኔት ሲደክምም ጽሑፍ ቶሎ ይከፈታል። ግን አንድ መልእክት ከ4096 ፊደል አያልፍም፤ ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። ፎቶ ስር ከሆነ ደግሞ በነጻው አካውንት 1024 ብቻ ነው። ረጅም ትረካ ይቆራረጥባችኋል። ደግነቱ፣ ኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም የቻናሉን ጽሑፍ በሙሉ ማውረድ ይቻላል።

ፌስቡክ ላይ ርዝመት ብዙም አያስቸግርም፤ የዛሬ ዓመት የጻፉትን ፈልጎ ማግኘት ግን አበሳ ነው።

ለረጅም ጽሑፍ እኔ ብሎገር ወይም ዎርድፕረስ የተባሉትን የራስን ድረ ገጽ መክፈቻዎች እመርጣለሁ። በነጻ ይጀመራሉ፣ እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ሊንክ አለው፣ ጽሑፉን ሁሉ በፋይል ማውረድም ይቻላል። ሙሉውን እዚያ አስቀምጬ መግቢያውንና ሊንኩን ቴሌግራም ላይ እለቃለሁ።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ገና ስትከፍቱ የጽሑፍ ማውረጃው የት እንዳለ ፈልጉ። ኢሜይላችሁንም አስገቡ፤ ስልክ ቁጥር ብቻውን አይበቃም።

ወዳጄ አሁን ከአንባቢዎቹ ስክሪንሾት እየለመነ ነው። እስካሁን ሦስት ታሪኮች ተገኝተዋል።