ትራስና አንገት ሲጣሉ፦ ጥፋተኛው ማን ነው?

ሁለት ወር ሙሉ አንገቴ ወደ ግራ አልዞርም ብሎኝ፣ ሰው ከኋላ ሲጠራኝ እንደ ቁም ሳጥን ከነሙሉ ሰውነቴ ስዞር ከረምኩ። መጀመሪያ ብርድ ነው አልኩ። ቀጥሎ በኮምፒውተር አመካኘሁ። ትራሱን ግን አልጠረጠርኩትም። አዲስ ነው፣ ርካሽ አይደለም፣ ሱቅ ውስጥ ስጫነው ደግሞ እጄን ውጥ ያደርገው ነበር። ሻጩም "ወንድሜ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው" ብሎኛል። እጅ ስለ ትራስ ምንም እንደማያውቅ የገባኝ ኋላ ነው። ሻጩም አያውቅም፤ የሱ አንገት አይደለማ።

ዛሬ ቤታችን ውስጥ አምስት ትራስ አለ። ባለቤቴ ትስቅብኛለች፤ እሷ የምትተኛው ከሁሉም በሳሳው ላይ ነው፣ እኔ እሱ ላይ ብተኛ ጠዋት አልነሳም። እና "ምርጥ ትራስ የቱ ነው?" ለሚል ሰው መልስ የለኝም። "ጠዋት የት ያምሃል?" ብዬ ግን መጀመር እችላለሁ። ከታች የእናንተን ፈልጉና የቀረውን ዝለሉት።

በጎን ትተኛላችሁ፣ ጠዋት አንገት ይይዛል

አብዛኛው ሰው እዚህ ነው ያለው። በጎን ስትተኙ በጆሯችሁና በፍራሹ መካከል የትከሻችሁን ያህል ክፍተት አለ። ትራሱ ያን ክፍተት ካልሞላው ጭንቅላት ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ከልክ በላይ ከሞላው ደግሞ ወደ ላይ ይገፋል። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስት ኪሎ ስኳር በተጣመመ አንገት ላይ ሰባት ሰዓት ተንጠልጥሎ ሲያድር አስቡት።

አነሰ ወይስ በዛ? ሌሊት የምታደርጉት ነገር ይነግራችኋል። ስትነቁ እጃችሁ ከትራሱ ስር ከተገኘ ወይም ትራሱን ለሁለት አጥፋችሁት ካደራችሁ፣ አንሷል። ትራሱ መሬት ወድቆ ከተገኘ ወይም እናንተ ከሱ ሸሽታችሁ ጫፉ ላይ ብቻ ከተኛችሁ፣ በዝቷል። እርግጠኛ መሆን ከፈለጋችሁ እንደምትተኙት ተኝታችሁ ሰው ከፊት ለፊት ፎቶ ያንሳችሁ። አፍንጫችሁና የደረታችሁ መሃል ከፍራሹ ጋር ትይዩ በሆነ አንድ መስመር ላይ መዋል አለባቸው።

ልክ ለማወቅ ደግሞ ትከሻችሁን በጎን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቀጥ ብላችሁ ቁሙና ከግድግዳው እስከ ጆሯችሁ ያለውን በማስመሪያ አስለኩ። ብዙ ሰው ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። የምትፈልጉት ከፍታ እሱ ነው፤ ግን ጭንቅላት አርፎበት ከተጨፈለቀ በኋላ ያለው ከፍታ እንጂ ሱቅ ውስጥ ተነፍቶ የሚታየው አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ተነፍቶ ያየነውን ትልቅ ትራስ ገዝተን ሌሊት እንደ እንጀራ ይተኛብናል።

አዲስ ለመግዛት አትቸኩሉ። ካነሰ ጋቢ ወይም ፎጣ አጥፋችሁ ከትራሱ ስር (ከላዩ አይደለም) አድርጉ። ጋቢ ለዚህ የተሰራ ይመስላል፤ አንድ እጥፋት እየጨመራችሁ ሁለት ሁለት ሌሊት ሞክሩትና አንገታችሁ ዝም ያለበት ላይ ቁሙ። ከበዛ ስፌቱን አንድ ስንዝር ያህል ተርትራችሁ ከውስጡ ጭብጥ ጭብጥ እያደረጋችሁ አውጡ። ያወጣችሁትን አትጣሉት፣ በፌስታል አስቀምጡት፤ እኔ ሁለቴ አውጥቼ አንዴ መልሻለሁ። የሚያስቸግረው አንድ ወጥ ስፖንጅ ነው፤ እሱን መቀነስ አይቻልም፣ ለሌላ ሰው መስጠት ብቻ።

ፍራሽ ቀየርኩ፣ ከዚያ ወዲህ አንገቴ ታመመ

ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የለመዳችሁት ለስላሳ ፍራሽ ትከሻችሁን ወደ ውስጥ ይውጠው ነበር፣ ስለዚህ ስስ ትራስ ይበቃችሁ ነበር። አዲሱ ጠንካራ ከሆነ ትከሻ አይገባም፣ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ያው የድሮ ትራስ ድንገት አጭር ይሆናል። የተገላቢጦሹም አለ፦ ከጠንካራ ወደ ለስላሳ ከሄዳችሁ ትራሱ ይረዝማል። ስለዚህ "ፍራሹ አልተስማማኝም" ብላችሁ ከሻጩ ጋር ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ትራሱን አስተካክሉ። ገጠር ወይም ዘመድ ቤት አድራችሁ አንገት የሚይዛችሁም ብዙ ጊዜ በዚሁ ነው።

በጀርባ ስተኛ አገጬ ደረቴን ይነካል፣ አንኮራፋለሁም ይሉኛል

ሁለት ትራስ ደርባችኋል አይደል? አንዱን አውጡ። በጀርባ ለሚተኛ ከ8 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይበቃል። ከዚያ በላይ ጭንቅላትን ወደ ፊት ያጥፋል፣ የአየር መተላለፊያውን ያጠባል። ከአንገት በስተጀርባ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ትንሽ ፎጣ ጠቅልላችሁ በትራሱ ልብስ ውስጥ ከታችኛው ጠርዝ በኩል ሸጉጡ። ወገባችሁም የሚያማችሁ ከሆነ ያወጣችሁትን ትራስ ከጉልበታችሁ ስር አድርጉት፤ ስራ ተገኘለት።

በሆዴ ካልተኛሁ እንቅልፍ አይወስደኝም

በሆድ ተኝቶ መተንፈስ የሚቻለው አንገትን ወደ አንድ ጎን ጠምዝዞ ነው፣ ትራሱ ሲወፍር ጥምዘዛው ይብሳል። ወይ በጣም ስስ ይሁን ወይ ከነጭራሹ ይቅር። ከሆድ በታች ስስ ነገር ማድረግ ወገብን ይረዳል። ልምዱን መተው የፈለገ ሰው ደግሞ ወፈር ያለ ትራስ አቅፎ በጎን ይተኛ፤ ደረት ላይ ጫና ስለሚሰማ አእምሮ ይሸወዳል። እኔ ላይ አልሰራም፣ ወንድሜ ላይ ሰርቷል።

ክንዴ ደንዝዞ ነው የምነቃው

ብዙ ጊዜ ክንዳችሁን ተንተርሳችሁ ስለምታድሩ ነው። ያንን የምታደርጉት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትራሱ ስላነሰ ነው፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። እጃችሁ ማረፊያ እንዲያገኝ ከፊታችሁ ሌላ ትራስ አስቀምጡ።

ጠዋት ማስነጠስ፣ አፍንጫ መዘጋት፣ ቀን ላይ ግን ደህና

ትራሱ ስንት ዓመቱ ነው? ብዙዎቻችን ቤት ውስጥ ከልጆቹ የሚበልጥ ትራስ አለ። ላብ፣ አቧራ፣ የቆዳ ብናኝ ይጠራቀምበታል፤ ያንን ብናኝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ተባዮችም ይፈሉበታል፤ አለርጂ ያለበትን ሰው የሚያስነጥሰው የነሱ ቆሻሻ ነው። የትራሱን ልብስ በየሳምንቱ እጠቡ፣ ከቻላችሁ በ60 ዲግሪ ውሃ፤ ቀዝቃዛ ውሃ አይገድላቸውም። የፋይበር ትራስ ራሱም ይታጠባል፣ ዋናው ነገር እስከ ውስጡ ድረስ መድረቁ ነው። ክረምት ላይ አትጠቡት። ሐምሌ ላይ አጥቤ አንድ ሳምንት ሙሉ እርጥብ ውሻ ውሻ የሚሸት ነገር ተንተርሻለሁ።

የፋይበር ትራስ ሞቶ እንደሆነ ለማወቅ ለሁለት እጠፉትና ልቀቁት። ተመልሶ ካልተዘረጋ አልቆለታል፤ የሶፋ መደገፊያ ይሁን።

የጥጥ ትራስ ግን ሌላ ነው። ጥጥ ይቋጠራል፣ ድንጋይ ድንጋይ ይላል፣ ግን አይሞትም። ከፍታችሁ ጥጡን ፍልቅቅ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡትና መልሱት። ወይም በየሰፈሩ "ፍራሽ አዳሽ!" እያሉ የሚዞሩትን ጥሯቸው፤ የፍራሹን ጥጥ ሲነድፉ ትራሱንም ጨምሩላቸው።

ትራሱ ይሸታል፣ ቢታጠብም አይለቅም

ቅቤ! ቤቱ ውስጥ ጸጉሩን ቅቤ የሚቀባ ሰው ካለ ሌላ ጥፋተኛ አትፈልጉ። የሰውነት ሙቀት ቅቤውን ያቀልጠዋል፣ ጨርቁን አልፎ ትራሱ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ተቀምጦ ይሻግታል። እንኳን ስፖንጅ ውስጥ የገባ ቅቤ የጨርቁም አይለቅም። ስለዚህ መከላከል ነው ያለው፦ በሻሽ ጥፍር አድርጎ ማሰር፣ ትራሱ ላይ አሮጌ ነጠላ ደራርቦ ማንጠፍ፣ ለቅቤ ቀን የሚሆን አንድ አሮጌ ትራስ መመደብ። አክስቴ የመጨረሻውን ነው የምትከተለው፤ ያን ትራስ ሌላ ሰው አይነካውም፣ መንካትም አያምረውም።

ጸጉር ካነሳን አይቀር፣ ሹሩባ ወይም ወደ ኋላ የታሰረ ወፍራም ጸጉር ከትራሱ ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ይጨምራል። ሁልጊዜ ደህና ሆና ሹሩባ በተሰራች ሰሞን አንገቷን የሚያማት ካለች ለጊዜው ሳሳ ያለውን ትራስ ትጠቀም። ጸጉር የሚሰባበርባት ደግሞ የሳቲን ልብስ ታልብሰው፤ ከጥጥ ይልቅ ያንሸራትታል። በደቡብ አካባቢ ከእንጨት ተፈልፍሎ የሚሰራው በርኩማ (የራስ መደገፊያ) አንዱ ጥቅሙ ይሄው ነው፦ አንገትን ይደግፋል፣ የተሰራው ጸጉር አይነካም። አንዴ ሞክሬው አሥር ደቂቃ አልቆየሁም፣ ጥፋቱ ግን የበርኩማው አይመስለኝም።

ከዱባይ የመጣው ትራስ ያልበኛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ድንጋይ ይሆናል

ሜሞሪ ፎም ነው። በ1966 ናሳ ውስጥ ለአውሮፕላን መቀመጫ ተብሎ የተሰራ ነገር ነው፣ ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ እኛ ጋ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደበት። ጠባዩ ይህ ነው፦ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። አዲስ አበባ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ስትተኙበት የሚጎረብጣችሁ ለዚህ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ስጡት። ጭንቅላትን ከቦ ስለሚይዝና አየር ስለማያሳልፍ ደግሞ ያሞቃል፤ ወፈር ያለ የጥጥ ልብስ ትንሽ ይረዳል፣ በጣም ለሚያልበው ሰው ግን ትራሱን ከመቀየር ሌላ መላ የለውም። አዲስ ሲከፈት የሚሸተው ሽታ ጥላ ቦታ ላይ ጥቂት ቀን ሲናፈስ ይጠፋል። ማሽን ውስጥ አትክተቱት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት፤ ይፈረካከሳል።

ስተኛ ደረቴን ያቃጥለኛል፣ ትራስ ብደራርብም አልተሻለኝም

ትራስ ስትደራርቡ የሚታጠፈው ሆዳችሁ ነው፣ ሆድ ሲታጠፍ ደግሞ አሲዱ ይበልጥ ይገፋል። ከፍ ማለት ያለበት አልጋው ነው። ከራስጌ በኩል ካሉት የአልጋ እግሮች ስር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨት ወይም ብሎኬት አድርጉ፣ እንዳይንሸራተት አረጋግጡ፣ በግራ ጎናችሁም ተኙ። እራት በልቶ ወዲያው መጋደምን ግን የትኛውም ትራስ አያስተካክለውም።

ይህን ሁሉ ሁለት ሦስት ሳምንት ሞክራችሁ ሕመሙ ካልቀነሰ፣ ወደ ክንድ ከወረደ፣ እጃችሁ ዕቃ መያዝ ካቃተው ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ትኩሳት ያለበት አንገት መድረቅ ከሆነ ደግሞ ሳታድሩ፣ ዛሬውኑ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ትራስ አያስፈልገውም፤ አፍንጫውን ሊያፍነው ስለሚችል "ይመቸው" ብላችሁ አታድርጉለት።