ሁሉም ነገር እናንተን የሚጠብቅ ከሆነ፦ ስራን ለሰራተኛ እንዴት አሳልፎ መስጠት ይቻላል

ሶማሌ ተራ አንዱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ግቡ። ደንበኛው ፍሬን ሸራ ይዞ «ትንሽ ቀንስልኝ» ይላል። ሻጩ ስልኩን ያወጣል። ጋሼን ጠይቆ መቶ ብር ለመቀነስ ነው። ጋሼ አያነሱም። ደግሞ ይደውላል፣ አሁንም አያነሱም፣ ደንበኛው ግን ጎን ያለው ሱቅ ገብቷል።

ስለ አመራር ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ቆፍጣና አለቃ ይሻላል ወይስ ለስላሳ?» የሚለው ነው። እኔ ዋናው ጥያቄ እሱ አይመስለኝም። ቆፍጣናም ሆነ ለስላሳ፣ ውሳኔው ሁሉ እጁ ላይ ካለ እሱ ጉንፋን በያዘው ቀን ስራው ይቆማል።

መጀመሪያ ደብተር ያዙ። ለአንድ ሳምንት ሰራተኞች ያስፈቀዷችሁን ሁሉ ጻፉ፦ ቅናሽ፣ ግዢ፣ ዱቤ፣ የእረፍት ቀን። መጨረሻ ላይ ስታዩት አብዛኛው መልሳችሁ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። መልሱ የታወቀ ጥያቄ ደግሞ እናንተ ጋ መምጣት የለበትም።

ከዚያ ገደቡን በቁጥር አስቀምጡ። «አንተ ኃላፊ ነህ፣ እንደመሰለህ አድርግ» ማለት ስልጣን መስጠት አይደለም፤ ሰውየው ነገ ምን እንደሚያስቆጣችሁ ስለማያውቅ ተመልሶ ይደውላል። «እስከ 5 በመቶ ቅናሽ ራስህ ወስን፣ ከ3,000 ብር በታች ለሆነ ግዢ ደረሰኙን ብቻ አምጣ» በሉት። ቁጥሩን እንደ ቤታችሁ አስተካክሉት፣ ግን በወረቀት ይሁን። አርብ አርብ ሂሳቡን አብራችሁ እዩ። ገደቡን ሳያልፍ ቢሳሳት እንኳ ደንበኛ ፊት አትሻሩበት፤ አንዴ ከሻራችሁበት በማግስቱ ስልኩ መጮህ ይጀምራል።

እዚህ ላይ የዘመድ ነገር አለ። ብዙ ቤት ገንዘብ ያዡ የአጎት ልጅ ነው። በወረቀት ገንዘብ ያዥ ይሁን እንጂ ጉልበቱ ከስራ አስኪያጁ ይበልጣል፤ ስራ አስኪያጁ ቀን «አይሆንም» ያለውን እሱ ማታ ቤት መጥቶ እራት ላይ ያስፈቅዳል። ዘመድ መቅጠር ነውር አይደለም፣ ገንዘብ ላይ እምነት የሚጣልበት ሰው ማግኘትም ቀላል አይደለም። ግን የእሱም ገደብ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። እራት ላይ ለሚመጣው ጥያቄ ደግሞ መልሱ «ነገ ለስራ አስኪያጁ ንገረው» ነው። ወሬ እየለቀመ የሚያመጣላችሁንም «እሱ ባለበት ንገረኝ» በሉት፤ ሁለተኛ አይመጣም።

ተተኪ ማዘጋጀት ላይ እኛው አገር የሚታይ ነገር አለ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ። ከ2004 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. የመሩት ግርማ ዋቄ ሌላ ድርጅት ሰርተው ቢመለሱም ስራውን የተማሩት በወጣትነታቸው እዚያው ነው። የተኳቸው ተወልደ ገብረማርያም የኦፕሬሽን ዋና ኃላፊ ነበሩ። ተወልደ በ2022 በጤና ምክንያት ሲለቁ የመጡት መስፍን ጣሰው ደግሞ ቶጎ ያለውን አስካይ አየር መንገድ ይመሩ ነበር። ሁሉም ወንበሩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ሌላ ከባድ ወንበር ላይ ታይተዋል። በ2010 በተጀመረው የ15 ዓመት ዕቅድም፣ ራዕይ 2025 በሚባለው፣ ካርጎው፣ ጥገናው፣ ማሰልጠኛውና የምግብ ዝግጅቱ እያንዳንዱ ትርፍና ኪሳራው ለብቻው የሚታይ ክፍል እንዲሆን ተደረገ።

እናንተ ካርጎ የላችሁም፣ መጋዘንና ሽያጭ ግን አላችሁ። ሂሳባቸውን ለዩና ለእያንዳንዱ አንድ ተጠያቂ ሰው አድርጉ። ሁለተኛ ቅርንጫፍ ካሰባችሁ ጎበዙን ሻጭ ከአሁኑ ለሶስት ወር መጋዘን አዙሩት፣ ዕቃ መቁጠርና ከአቅራቢ ጋር መከራከር ይልመድ።

ስብሰባ ላይ መጨረሻ ተናገሩ። አለቃ ከተናገረ በኋላ የሚሰማው «ልክ ነው ጋሼ» ብቻ ነው።

ስህተት ሲመጣ ተግሣጹ ለብቻ፣ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ይሁን። በይሉኝታ ወራት ሙሉ ዝም ብሎ አንድ ቀን ፈንድቶ «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጣ» ማለት ፍርድ ቤት ያቆማል። ለምሳሌ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሰውን በማርፈድ ወዲያው ለማሰናበት የሚፈቅደው፣ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ 8 ጊዜ ያለ በቂ ምክንያት ሲያረፍድ ነው። የሙከራ ጊዜም ከ60 የስራ ቀን አያልፍም፣ ስለዚህ አዲስ ሰው ስትቀጥሩ በደንብ የምታዩት ያኔ ነው።

ይሄን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ ጥፉ። ሶስት ቀን ክፍለ ሀገር ሂዱ፤ ስልክ የሚደወለው ለእሳትና ለሌባ ብቻ ይሁን። ስትመለሱ እናንተን ሲጠብቅ የቆየ ስራ ካገኛችሁ እሱን ማን መወሰን እንደነበረበት እዩ፣ ገደቡን ጻፉለት፣ በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሳምንት ሙሉ ጥፉ።