በሳክስ ስታነቡ ጽሑፍ እየተቆረጠ ካስቸገራችሁ

የኮዬ ፈጬንና የቱሉ ዲምቱን አድራሻዎች ከትልቅ ኤክስኤምኤል ፋይል በፓይተን ሳክስ (ፋይሉን ሙሉውን ሳይጭን ከላይ ወደ ታች እየተከተለ የሚያነብ መሣሪያ) ስታወጡ፣ «ቱሉ ዲምቱ» አንዳንዴ «ምቱ» ብቻ ሆኖ ከተመዘገበ ፋይሉን አትጠርጥሩ። ሳክስ የአንድን ታግ ጽሑፍ ቆራርሶ ሊሰጥ ይችላል፤ ጽሑፉን የሚቀበለውን «ካራክተርስ» ሜተድ ደጋግሞ ይጠራዋል። በእያንዳንዱ ጥሪ የቀደመውን ከተካችሁት የመጨረሻው ቁራጭ ብቻ ይቀራል። በትንሽ የሙከራ ፋይል ላይታይ ይችላል፣ ሰው የሚሸወደውም እዚያ ላይ ነው።

ታጉ ሲከፈት ባዶ ሊስት ፍጠሩ፣ የመጣውን ሁሉ ጨምሩበት፣ ሲዘጋ በ«ጆይን» ግጠሙት። ከዳርና ዳር ክፍት ቦታ የሚያጠፋው «ስትሪፕ» ከዚያ በኋላ ይሁን፤ አለዚያ «ቱሉዲምቱ» ሊሆንባችሁ ይችላል። ይህን አንዴ ቤዝ ክላስ ላይ ጽፋችሁ ሌሎቹ ሃንድለሮች (ሳክስ ያነበበውን የሚቀበሉ ክላሶች) ይውረሱት።

በአንድ ታግ ውስጥ ጽሑፍ ከሌላ ታግ ጋር ተቀላቅሎ ከመጣ ግን አንድ ሊስት አይበቃም። ፋይሉ ትንሽ ከሆነማ ምን አደከማችሁ፣ ፋይሉን ሙሉውን በአንዴ በሚጭነው በኤለመንትትሪ ገላገል በሉ።